በእጅ የተሣሉ የመጀመሪያ ቀን ኤንቬሎፖች ለባሕር ጦርነት ታሪክ ምን ያህል ምስክር ይሆናሉ?

የታሪክ ተማሪ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ የሚማረው ዋናው ነገር ለማስረጃ የሚበቃውን ከማይበቃው መለየት ነው። ደብዳቤ፥ ውል፥ የፍርድ ቤት መዝገብ፥ የመንግሥት ትእዛዝና የዓይን ምስክር ቃል በማስረጃነታቸው የታወቁ ናቸው። ደብዳቤው ተነብቦ ሲያበቃ የሚጣለው ኤንቬሎፕ ግን ከነዚህ ቍጥር እምብዛም አይገባም። ሆኖም ደብዳቤውን ትተው ኤንቬሎፑን ብቻ በጥንቃቄ የሚያኖሩ ሰዎች በዓለም ላይ ብዙ ናቸው። ከነዚህም መካከል በጦርነት ጊዜ የተፈጸመውን የባሕር ኃይል ታሪክ ለማስታወስ በእጅ የተሣሉትን የመጀመሪያ ቀን ኤንቬሎፖች የሚሰበስቡ ይገኛሉ። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው፤ እንዲህ ያለው ስብስብ የጊዜ ማሳለፊያ ብቻ ነውን? ወይስ የታሪክ ሰነድ ሊባል ይገባዋል? ሰነድ ነው ከተባለስ የምን ነገር ሰነድ ነው? ምሳሌዎቻችንን የወሰድነው ይህ ልማድ ሥር ከሰደደበት ከአሜሪካ ነው። የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ነገሩ ምን እንደ ሆነ እንግለጽ። አንድ አዲስ ቴምብር ለሕዝብ የሚሸጥበት የመጀመሪያው ቀን በፖስታ ቤት አስቀድሞ ይታወጃል። በዚያ ቀን ቴምብሩ ተለጥፎበት የዕለቱ ማኅተም የተመታበት ኤንቬሎፕ የመጀመሪያ ቀን ኤንቬሎፕ ይባላል። በኤንቬሎፑ ግራ ጎን ላይ ደግሞ የቴምብሩን ነገር የሚያብራራ ሥዕል ይደረጋል። በአሜሪካ ለዚህ ተግባር ታትሞ የወጣው የመጀመሪያው ሥዕል ጆርጅ ሊን የተባለው ሰው በሴፕቴምበር 1 ቀን 1923 ለፕሬዚደንት ሃርዲንግ መታሰቢያ ቴምብር ያዘጋጀው ነው እየተባለ ይጠቀሳል። ከዚያ ወዲህ ሥዕሉን በማተሚያ መኪና የሚያባዙ ነጋዴዎች ተነሡ። ከነሱ ጎን ለጎን ግን እያንዳንዱን ኤንቬሎፕ በብዕርና በውሃ ቀለም አንድ በአንድ የሚሥሉ ሰዎች ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። በ1940ዎቹ ዓመታት በዚህ ሥራ ስማቸው ከታወቀው አንዷ ዶሮቲ ናፕ ናት። በእጅ የተሣለው ኤንቬሎፕ ቍጥሩ ጥቂት ነው፤ ኹለቱም ፈጽመው አንድ ዓይነት አይሆኑም።

እንግዲህ በአንድ እንዲህ ባለ ኤንቬሎፕ ላይ ሦስት ምስክሮች ተሰብስበው ይገኛሉ። ቴምብሩ የመንግሥት ቃል ነው፤ መንግሥት ሊታወስ ይገባዋል ያለውን ይናገራል። ማኅተሙ የፖስታ ቤት ቃል ነው፤ ቦታውንና ቀኑን ይናገራል። ሥዕሉ ግን የአንድ ሰው ቃል ነው፤ ያ ሰው ስለ ነገሩ የሰማውን፥ ያመነውንና የተመኘውን ይናገራል። የኛም ክርክር ባጭሩ ይህ ነው፦ ሦስቱን ምስክሮች ለያይቶ የጠየቀ ሰው ከኤንቬሎፑ ብዙ ይማራል፤ ሦስቱን እንደ አንድ ቃል አድርጎ የተቀበለ ሰው ግን ይሳሳታል።

ከማኅተሙ እንጀምር። በአሜሪካ የጦር መርከቦች ላይ ፖስታ ቤት እንዲከፈት የተፈቀደው በ1908 በወጣ ሕግ ነው፤ ይኸውም አገራችን የዓለም ፖስታ ማኅበር አባል የሆነችበት ዓመት መሆኑን ልብ ይሏል። በመርከቡ ላይ የተመደበው ፖስተኛ መርከበኛ ስለ ነበረ፥ የመርከቡን ስምና ቀኑን የያዘውን ክብ ማኅተም በደብዳቤው ላይ ይመታ ነበር። ከክቡ ቀጥሎ ባሉት መስመሮች መካከል ደግሞ መርከቡ ያለበትን ወደብ ወይም የዕለቱን በዓል የሚገልጹ ቃላት የሚገቡበት ጊዜ ነበረ። በ1930ዎቹ ዓመታት ይህን ማኅተም የሚሰበስቡ ሰዎች በዙ፤ የመርከብ ማኅተም ሰብሳቢዎችም በ1932 የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። ሎሲ የተባሉ ዶክተር የማኅተሙን ዓይነቶች በፊደልና በቍጥር ለይተው የመደቡበት ሥርዓት እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ክሮስቢ የተባለው ሰው ደግሞ በኤንቬሎፖቹ ላይ የመርከቦችን ትንንሽ ፎቶግራፎች እየለጠፈ ያወጣ ነበር። ይህ ሁሉ ሲደረግ አሜሪካ ገና በሰላም ላይ ነበረች።

በዚያው ዘመን የአገሪቱ ፕሬዚደንት የነበሩት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ራሳቸው ቴምብር ሰብሳቢ ነበሩ፤ ከ1913 እስከ 1920ም የባሕር ኃይል ምክትል ሚኒስትር ሆነው ሠርተዋል። በሳቸው ዘመነ መንግሥት፥ ከዲሴምበር 1936 እስከ ሜይ 1937 ድረስ፥ ለባሕር ኃይሉ መታሰቢያ አምስት ቴምብሮች ተራ በተራ ወጡ። በአንድ ሳንቲሙ ላይ ጆን ፖል ጆንስና ጆን ባሪ፥ በኹለት ሳንቲሙ ላይ ዲኬተርና ማክዶኖ፥ በሦስት ሳንቲሙ ላይ ፋራገትና ፖርተር፥ በአራት ሳንቲሙ ላይ ሳምፕሰን፥ ዱዊና ሽሌይ ተሣሉ። አምስተኛው በአናፖሊስ ያለውን የባሕር ኃይል አካዳሚ ያሳያል። እነዚህ ሰዎች ሁሉ አዛዦች ናቸው። መድፉን የሚጎርሱት፥ የእሳቱን ጉድጓድ የሚያነዱትና ምግቡን የሚያበስሉት መርከበኞች በቴምብሩ ላይ አልታዩም። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲያስታውሰው እንለምናለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

በዲሴምበር 7 ቀን 1941 የጃፓን አይሮፕላኖች በፐርል ሃርበር የነበሩትን የአሜሪካ መርከቦች በድንገት መቱ። በዚያ ቀን 2403 አሜሪካውያን ሞቱ፤ ከነዚህም 1177ቱ አሪዞና በተባለው አንድ መርከብ ላይ የነበሩ ናቸው። ከዚህ በኋላ የመርከቦቹ ማኅተም ባሕርይ ተለወጠ። ጠላት የመርከቡን ስምና ቦታ ከደብዳቤ ላይ እንዳያነብ ተብሎ የመርከብ ስም ከማኅተሙ ወጣ፤ በባሕር ላይ ካለ ወታደር የሚላከው ደብዳቤም የባሕር ኃይል መሆኑን ብቻ የሚገልጽ ማኅተምና የመርማሪው ፊርማ ይዞ ይደርስ ጀመር። ይህ ዝምታ ራሱ ምስክር ነው። የ1930ዎቹን ባለ ስም ማኅተምና የ1943ን ስም የለሽ ማኅተም ጎን ለጎን ያኖረ ሰው፥ አንድ አገር ከሰላም ወደ ጦርነት ሲሻገር ምን እንደሚመስል ያለ ብዙ ቃል ያያል። ነገር ግን በጦርነቱ ጊዜ የተላከው ስም የለሽ ኤንቬሎፕና በኋላ ለመታሰቢያ የተሣለው ያጌጠ ኤንቬሎፕ ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው የድርጊቱ ትራፊ ነው፤ ኹለተኛው የመታሰቢያው ትራፊ ነው።

ይህንን ልዩነት በግልጽ የሚያሳየን የኢዎ ጂማ ቴምብር ነው። በፌብሩዋሪ 23 ቀን 1945 ጆ ሮዘንታል የተባለው ፎቶግራፍ አንሺ ስድስት ሰዎች በሱሪባቺ ተራራ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሲተክሉ አነሣ። በሕይወት ያሉ ሰዎችን በቴምብር ላይ ማውጣት በአሜሪካ ልማድ ስላልነበረ በመጀመሪያ ክርክር ተነሥቶ ነበር። የሕዝቡ ስሜት ስለ በረታ ግን የሦስት ሳንቲም ቴምብር ሆኖ በጁላይ 11 ቀን 1945 ወጣ፤ ጦርነቱም በዚያን ጊዜ ገና አላለቀም ነበር። በፎቶግራፉ ላይ ከነበሩት ስድስት ሰዎች ሦስቱ ከዚያች ደሴት በሕይወት አልተመለሱም። በዚያ ሰሞን የተሠሩት ኤንቬሎፖች ተራራውን፥ ሰንደቅ ዓላማውንና መርከቦቹን ያሳያሉ፤ የስድስቱን ሰዎች ስም የጻፈ ሠዓሊም ከጊዜው ጋዜጣ የወሰደውን ነው የጻፈው።

እነዚያ ስሞች ግን ሁሉም ትክክል አልነበሩም። በ1947 ሃንሰን የተባለው ስም ተነሥቶ በምትኩ ብሎክ ገባ። በ2016 የባሕር ኃይሉ ሐኪም ቤት ረዳት ብራድሊ በዚያ ፎቶግራፍ ላይ እንዳልነበረ ታውቆ በምትኩ ሹልትዝ ተተካ። በ2019 ደግሞ ጋኞን ወጥቶ ኬለር ገባ። ስለዚህ በ1945 በጥሩ እጅ ጽሕፈት ስድስት ስሞች የተጻፉበት ኤንቬሎፕ ቢገኝ፥ ሰንደቅ ዓላማውን የተከሉት እነማን እንደ ሆኑ ለማወቅ የሚጠቅም ሰነድ አይደለም። በ1945 ሕዝቡ እነማን ናቸው ብሎ ያምን እንደ ነበር ለማወቅ ግን ከዚያ የሚበልጥ ሰነድ በቀላሉ አይገኝም። ስሕተቱን ፍቆ ለማረም የሚከጅል ሰብሳቢ ቢኖር የሚያጠፋው ዋናውን ማስረጃ ነው።

ኹለተኛው ምሳሌያችን በቴምብር ላይ ማን ይወጣል የሚለውን ጥያቄ ይመለከታል። በኦክቶበር 27 ቀን 1945፥ የባሕር ኃይል በዓል በሚከበርበት ቀን፥ የባሕር ኃይሉን መርከበኞች የሚያሳይ የሦስት ሳንቲም ቴምብር በአናፖሊስ ወጣ። አዛዦቹ ብቻ ታይተውበት ከነበረው ከ1936ቱ ተከታታይ ጋር ሲተያይ ይህ ለውጥ ነው፤ ተራው መርከበኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ፊት ቀረበ። ሆኖም በዚያ ባሕር ኃይል ውስጥ ጥቍር አሜሪካውያን እስከ 1942 አጋማሽ ድረስ በአብዛኛው የሚመደቡት በመኮንኖች ምግብ ቤት አስተናጋጅነት እንደ ነበረ ቴምብሩ አይናገርም።

ዶሪስ ሚለር ከነዚህ አስተናጋጆች አንዱ ነበር። በፐርል ሃርበር ዕለት ዌስት ቨርጂኒያ በተባለው መርከብ ላይ ሳለ የቈሰለውን አዛዥ ለማንሣት ረዳ፤ ከዚያም ሳይማረው በኖረው መትረየስ በጠላት አይሮፕላኖች ላይ ተኰሰ። ስሙ በመጀመሪያ ሳይገለጽ ቆይቶ፥ የጥቍር አሜሪካውያን ጋዜጦች ሳያሰልሱ ስለ ጠየቁ በ1942 ታወቀ። በዚያው ዓመት በሜይ 27 ቀን አድሚራል ኒሚትዝ የባሕር ኃይል መስቀል ኒሻን በደረቱ ላይ አደረጉለት። በኖቬምበር 24 ቀን 1943 ሊስኮም ቤይ የተባለችው አይሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ስትሰጥም አብሮ ሞተ። በቴምብር ላይ የወጣው በፌብሩዋሪ 4 ቀን 2010 ከሌሎች ሦስት መርከበኞች ጋራ ነው፤ ከሞተ ስድሳ ስድስት ዓመት አልፎ ማለት ነው።

ለዚህ ቴምብር ሥዕል የሚሠራ ሠዓሊ ሚለርን ከመትረየሱ ኋላ አቁሞ፥ በላዩም እየነደደ የሚወድቅ አይሮፕላን ቢሥል ተመልካች አይደነቅም። ነገር ግን ኒሻኑ ሲሰጠው የተነበበው ጽሑፍ መትረየሱን መተኰሱን እንጂ አይሮፕላን መጣሉን አይናገርም። ሠዓሊው ይህን ቢጨምር ውሸታም ነው አንለውም፤ ለረጅም ጊዜ የተነፈገውን ክብር አብዝቶ መክፈሉ ነው። የታሪክ ተማሪ ግን ክብሩን ከድርጊቱ ለይቶ መመዝገብ አለበት። ሚለርን ጀግና የሚያደርገው የተጣለ አይሮፕላን ቍጥር አይደለም፤ ያልተማረውን መሣሪያ ይዞ በሚነድ መርከብ ላይ ሂድ እስኪባል ድረስ መቆየቱ ይበቃል።

ሦስተኛው ምሳሌ ስለ ድልና ስለ ሽንፈት ነው። ከ1991 እስከ 1995 የአሜሪካ ፖስታ ቤት ጦርነቱ የተደረገበትን ኀምሳኛ ዓመት እያስታወሰ በየዓመቱ አሥር አሥር ቴምብር ያለበት አንድ ገጽ አወጣ። በ1991ዱ ገጽ ላይ ሩበን ጄምስ የተባለችው አጥፊ መርከብ ትታያለች፤ ይህችም አሜሪካ ወደ ጦርነቱ ከመግባቷ አስቀድሞ በኦክቶበር 31 ቀን 1941 በጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ተመትታ ሰጠመች፤ ወደ መቶ ሰዎችም አብረዋት ጠፉ። በ1992ቱ ገጽ ላይ የሚድዌይ ጦርነት አለ። ከጁን 4 እስከ 7 ቀን 1942 በተደረገው በዚህ ውጊያ ጃፓን አካጊ፥ ካጋ፥ ሶሪዩና ሂሪዩ የተባሉትን አራት አይሮፕላን ተሸካሚዎች አጣች፤ አሜሪካም ዮርክታውንን አጣች። ለእነዚህ ቴምብሮች የሣለው ሰው ፍጻሜውን ኀምሳ ዓመት አስቀድሞ ያውቀዋል። ስለዚህ በሥዕሉ ውስጥ ዮርክታውን እያዘነበለች እንኳ ድሉ የተረጋገጠ ይመስላል። በዚያች ዕለት በመርከቡ ላይ የነበረው ሰው ግን ይህን እርግጠኝነት አልነበረውም።

በሌላው ወገን ደግሞ የጃፓን መንግሥት ጦርነቱ የተጀመረበትን አንደኛ ዓመት በዲሴምበር 8 ቀን 1942 ሲያከብር ካወጣቸው ቴምብሮች አንዱ የፐርል ሃርበርን ጥቃት እንደ ድል አድርጎ ያሳያል። ሚድዌይ ካለፈ ስድስት ወር ሆኖታል፤ የዚያ ሽንፈት መጠን ግን ለጃፓን ሕዝብ አልተነገረውም ነበር። አንዱን ቀን አንዱ አገር ለሐዘን፥ ሌላው አገር ለደስታ ቴምብር አሳተመለት። ስብስቡ የአንዱን ወገን ብቻ ከያዘ የድል መዝሙር ይሆናል፤ ኹለቱን ወገን ጎን ለጎን ከያዘ የታሪክ መጽሐፍ ይሆናል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ማኅተሙስ ቢሆን ይታመናል ወይ ብለው ሊጠይቁን ይችላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሰብሳቢዎች ኤንቬሎፖቻቸውን አስቀድመው ወደ ፖስታ ቤቱ ይልካሉ፤ ከቀኑም በኋላ ለተወሰነ ጊዜ የሚቀርቡት የዚያኑ የመጀመሪያ ቀን ማኅተም ይመታባቸዋል። ስለዚህ ማኅተሙ የሚናገረው የታወጀውን ቀን ነው እንጂ እጁ ያረፈበትን ሰዓት አይደለም። ከዚህም የሚብሰው የሥዕሉ ነገር ነው። በ1945 ማኅተም የተመታበት ባዶ ኤንቬሎፕ ላይ ከብዙ ዓመት በኋላ ሥዕል መጨመር ይቻላል፤ ይህም በሰብሳቢዎች ዘንድ የታወቀ ነገር ነው። ሠዓሊው ዘመኑን በጀርባው ከጻፈ ነውር የለበትም፤ ሳይጽፍ ከሸጠው ግን ገዢው የኋለኛውን ሰው ሐሳብ የጦርነቱ ዘመን ሐሳብ አድርጎ ይወስደዋል። የውሃው ቀለም በማኅተሙ ቀለም ላይ ፈስሶ ከሆነ ሥዕሉ ከማኅተሙ በኋላ የመጣ ነው፤ ማኅተሙ በሥዕሉ ላይ አርፎ ከሆነ ሥዕሉ ይቀድማል። አድራሻ የተጻፈበትና በእውነት የተጓዘ ኤንቬሎፕም አድራሻ ከሌለበት ይልቅ ብዙ ይናገራል።

ለመሰብሰብ የሚያስብ ተማሪ ቢኖር ጥቂት ነገር እናሳስባለን። በውሃ ቀለም የተሣለ ኤንቬሎፕ እርጥበት ስለማይችል ቴምብሩን ለመንቀል ብሎ በውሃ መንከር ሁሉንም ማጥፋት ነው። የሚያጣብቅ ፕላስቲክ በጊዜ ብዛት ወረቀቱን ያበጫል፤ የፀሐይ ብርሃንም ቀለሙን ይበላል። ከሁሉ በላይ ኤንቬሎፑ ከማን እጅ፥ መቼና እንዴት እንደ ተገኘ በሌላ ወረቀት ጽፎ አብሮ ማኖር ያስፈልጋል፤ ይህ ጽሑፍ የሌለው ስብስብ ቤቱ በሞት በተፈታ ዕለት ከቁርጥራጭ ወረቀት አይለይም።

በመጨረሻ አንድ ነገር እንጨምር። የባሕር ጦርነት ታሪክ ከኛ ሩቅ አይደለም። ምጽዋ በኤፕሪል 8 ቀን 1941 በእንግሊዝ ጦር እጅ ስትወድቅ፥ ጣልያኖች መርከቦቻቸውንና ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛዎቻቸውን አስቀድመው በወደቡ ውስጥ አስጥመዋቸው ነበር። በ1942 ኤድዋርድ ኤልስበርግ የተባለው የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን በዚያ በታወቀው የቀይ ባሕር ሐሩር ከሠራተኞቹ ጋራ ጠልቆ የማውጣቱን ሥራ መርቷል፤ ታሪኩንም በ1946 በመጽሐፍ አውጥቶታል። ለኢዎ ጂማና ለሚድዌይ የተሣሉ ኤንቬሎፖች በብዛት ሲገኙ፥ ባየናቸው ስብስቦች ውስጥ ስለ ምጽዋ የተሣለ አንድም አላጋጠመንም። ቴምብር ያልወጣለት ነገር የመጀመሪያ ቀን የለውም፤ የመጀመሪያ ቀን የሌለው ነገር ደግሞ ሠዓሊ አያገኝም። እንግዲህ ኤንቬሎፑ የሚያስተምረን በያዘው ብቻ ሳይሆን ባልያዘውም ነው።

ከዚህ በላይ ከተመለከተው የምንደርስበት ፍርድ የሚከተለው ነው። በእጅ የተሣለ የመጀመሪያ ቀን ኤንቬሎፕ የውጊያው ምስክር አይደለም፤ ውጊያው እንዴት እንደ ታሰበ ግን የታመነ ምስክር ነው። መንግሥት ማንን መረጠ፥ ፖስታ ቤት መቼ ተናገረ፥ አንድ ተራ ሰውስ በጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ በብሩሹ ምን ጨመረበት የሚሉትን ሦስት ጥያቄዎች ለይቶ ይመልሳል። ወላጆቻችን በመሳቢያቸው ያኖሯቸው አሮጌ ኤንቬሎፖች አሉ። ከመጣላቸው በፊት አንድ ጊዜ ወደ ብርሃን ቀርበው ቢታዩ፥ ለዚህ ለኛ ትንሽ ጥናት ተከታይ የሚሆን ሌላ ጥናት ከነሱ መካከል ሊገኝ ይችላል ብለን እናምናለን።